ደም የሚናገረው የደጋና የቆላ ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ የነገሥታት ዜና፣ የጦርነት ውሎና የከተሞች አቆራቆር ብቻ ይመስለናል። በክፍል ውስጥ የምንማረውም በብዛት ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በብራና ላይ ያልተጻፈ፣ በድንጋይም ያልተቀረጸ፣ ነገር ግን እያንዳንዳችን ይዘነው የምንዞረው ሌላ ታሪክ አለ። እርሱም በደማችን ውስጥ ያለው ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ታሪክ ጥቂት ነገር ለወላጆቻችን፣ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አስበናል። ጉዳዩ የሳይንስ ነው ቢባልም የወሎን ሕዝብ በብርቱ የነካ ስለ ሆነ የታሪክም ጉዳይ ነው።

የደሴን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከደጋው ገብስና ባቄላ ይመጣል፤ ከቆላው ማሽላና ፍየል ይመጣል። በባቲም በዚሁ በሰኞ ቀን የሚቆመው ገበያ የአፋሩን ግመለኛ፣ የኦሮሞውንና የአማራውን ገበሬ በአንድ ሜዳ ላይ ያገናኛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ባቲ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች አጭር ቁልቁለት ላይ ግን የሚለወጠው የአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ስለ ሆነ ወባ ያለበትና የሌለበት አገር የሚለየው በዚሁ መካከል ነው።

አባቶቻችን ይህን ድንበር ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። ንዳድ የቆላ በሽታ መሆኑን ከኑሮ ተምረው ስለ ነበር፣ ወደ ቆላ የሚወርድ ደገኛ ጉዳዩን በቀን ጨርሶ ሳይመሽበት ሽቅብ መመለስን ይመርጥ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ታላቁ ጉባኤ የተደረገባት ቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የተሠውባት መቅደላ፣ ንጉሥ ሚካኤልም መናገሻቸው ያደረጓት ደሴ ሁሉም የደጋ ቦታዎች ናቸው። ለመመረጣቸው የጦር ስልትና ሌላም ምክንያት ቢኖርም፣ ደጋው ከንዳድ የራቀ መሆኑ ለነዋሪው ትልቅ በረከት ነበር። ነገር ግን በረከቱ የራሱ ዕዳ ነበረበት። ወባን ሳያውቅ የኖረ ሕዝብ ወባ ካለበት አገር የወረደ ዕለት ምን ይገጥመዋል? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

አስቀድመን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በአልጄርያ ሳለ የወባን ተሕዋስያን በሕመምተኛ ደም ውስጥ በማጉያ መነጽር አየ። በ1897 ደግሞ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ተሕዋስያኑን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። እስከዚያ ዘመን ድረስ የኤውሮፓ ሰዎች በሽታው ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፤ ማላርያ የሚለው የኢጣልያ ቃልም ትርጓሜው መጥፎ አየር ማለት ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ትንኟ ስትነድፍ ተሕዋስያኑ ወደ ሰው ሰውነት ይገባሉ፤ በመጀመሪያ በጉበት ይራባሉ፤ ከዚያም ወደ ቀዩ የደም ሕዋስ ገብተው እየበሉት ይበዛሉ። በአገራችን ዋናዎቹ የወባ ዓይነቶች ሁለት ሲሆኑ እነርሱም ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ይባላሉ። ፋልሲፓረም ብዙ ጊዜ ገዳዩ ነው። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ከተቀመጠ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣበታል።

እንግዲህ የወባ ቤቱ ቀዩ የደም ሕዋስ ከሆነ፣ የሕዋሱ አሠራር ከሰው ሰው ሲለያይ የበሽታውም ክብደት ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። የሰው ደም አንድ ዓይነት አለመሆኑን በ1901 ላንድስታይነር የተባለ የቪየና ተመራማሪ አሳይቶ ነበር። ኤ፣ ቢ፣ ኦ እያልን የምንጠራቸው የደም ዓይነቶች የተገኙት በእርሱ ምርመራ ነው። ደም ለመለገስ የሄደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከጊዜ በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም የደም ዓይነታቸው ኦ የሆነ ሰዎች በፋልሲፓረም ቢያዙ እንኳ ወደ ከባዱና ወደ ገዳዩ ደረጃ የመድረሳቸው ዕድል ዝቅ ያለ መሆኑ ታውቋል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ልዩነት ከየት መጣ? መልሱን ከማሽላ ገበሬ መማር ይቻላል። በቃሉና በባቲ ቆላ ያለ ገበሬ በማሳው ላይ ብዙ ዓይነት ማሽላ ቢዘራ፣ ዝናሙ ሲያጥር አንዳንዱ ይደርቃል፤ አንዳንዱ ያፈራል። ለከርሞ ዘር የሚሆነው ያፈራው ነው። ድርቁ ዓመት በዓመት ቢመላለስ ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያ አገር የሚገኘው በብዛት ድርቅ የሚችለው ዓይነት ይሆናል። ማሽላው ድርቅን ልቋቋም ብሎ አልተለወጠም፤ ያልቻለው ስለ ጠፋ የቻለው በዛ እንጂ። በሰውም ዘንድ ወባ እንደ ድርቁ ነው። ወባ በበረታበት ቆላ ብዙ ሕፃናት ሳያድጉ ይሞታሉ፤ በደማቸው ውስጥ ጥቂት መከላከያ ይዘው የተወለዱት ግን አድገው ልጅ ይወልዳሉ፤ መከላከያውንም ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ይህ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ የሕዝቡን ደም ይለውጠዋል።

ይህን ሐሳብ በ1949 በግልጽ ያቀረበው ሆልዴን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ያሉ ሕዝቦች ታላሴምያ የተባለ የደም በሽታ ለምን እንደ በዛባቸው ሲያስብ፣ ይህ በሽታ በከፊል ያለበትን ሰው ከወባ ይጠብቀው ይሆናል ብሎ ገመተ። ግምቱን በተግባር ለማየት ዕድል ያገኘው ግን በኬንያ ያደገው ሐኪም አሊሰን ነበር። አሊሰን በምሥራቅ አፍሪካ እየተዘዋወረ ደም ሲመረምር፣ የአንዳንድ ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ አየር ሲያጥረው እንደ ማጭድ እንደሚጣመም፣ ይህም ነገር በብዛት የሚገኘው ወባ በበረታበት አገር መሆኑን አስተዋለ። በ1954 ባወጣው ጽሑፍ ይህ የማጭድ ሕዋስ ባሕርይ ከወባ የሚከላከል መሆኑን ገለጸ። ያ ጽሑፍ የሰው ልጅ ከተላላፊ በሽታ ጋር ያደረገው ትግል በደሙ ውስጥ ምልክት እንደሚተው ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን ይህ መከላከያ በነጻ የተገኘ አይደለም። ሰው እያንዳንዱን የዘር ትእዛዝ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱም አንድ አድርጎ ሁለት ይወርሳል። የማጭዱን ትእዛዝ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው በአብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ከከባድ ወባም በእጅጉ ይጠበቃል። ከሁለቱም ወገን የወረሰ ልጅ ግን ሲክል ሴል በሚባለው ብርቱ በሽታ ይያዛል፤ ደሙ ያንሳል፤ አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ ሕክምና ካላገኘም በልጅነቱ ሊሞት ይችላል። አባትና እናት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ትእዛዝ ቢኖራቸው፣ የሚወልዱት ልጅ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ወንድምና እህት ከወባ ሲተርፉ የሌላው ወንድማቸው ሕይወት ዋጋ ሆኖ ይከፈል ነበር ማለት ይቻላል። ወባ በሌለበት በኢትዮጵያ ደጋ ይህ ባሕርይ ከሞላ ጎደል አለመገኘቱም የሚያስገርም አይደለም፤ ጠላት በሌለበት እንዲህ ያለውን ግብር የሚከፍል የለምና።

ለኢትዮጵያ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዳፊ የተባለው የደም ዓይነት ነው። ይህ ስም በ1950 በእንግሊዝ አገር ባሕርዩ መጀመሪያ ከታወቀበት ሕመምተኛ ስም የተወሰደ ነው። ዳፊ ማለት በቀዩ የደም ሕዋስ ቆዳ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። በ1955 በኒው ዮርክ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ደም ሲመረመር፣ የአብዛኞቹ ሕዋስ ይህ ፕሮቲን እንደሌለው ታወቀ። የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች በቫይቫክስ ወባ እንደማይያዙ ሐኪሞች ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁ ነበርና ሁለቱን ነገር የሚያገናኝ ሰው ይፈለግ ነበር። በ1975 አሜሪካዊው ሚለርና ጓደኞቹ በአንድ የዝንጀሮ ወባ ሞክረው፣ በ1976 ደግሞ በራሱ በቫይቫክስ አረጋግጠው ምሥጢሩን ገለጡት። የቫይቫክስ ተሕዋሲ ወደ ሕዋሱ ለመግባት የዳፊን ፕሮቲን እንደ በር እጀታ ይይዛል፤ እጀታው ከሌለ በሩን ለመክፈት ይቸግረዋል። በ1995 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ እጀታው የጠፋው በዘር ትእዛዙ ውስጥ በአንዲት ፊደል ለውጥ ምክንያት መሆኑን አገኙ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሰሐራ በታች ባሉት በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች፣ ይልቁንም በምዕራብና በመካከለኛው ክፍል፣ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉ ዳፊ የሌለው ስለ ሆነ ቫይቫክስ በብዛት አይታይም። ኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩባት አገር ናት። በደጋው ሕዝብ መካከል ዳፊ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ በምዕራቡ ቆላ፣ በጋምቤላ አካባቢ ባሉት በአኙዋክና በኑዌር ዘንድ ደግሞ ዳፊ የሌለው እጅግ ይበዛል። ማቲውስና አርምስትሮንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የዳፊን ደምና የቫይቫክስን ወባ ዝምድና በኢትዮጵያ አጥንተው በ1981 አሳትመዋል። እንግዲህ ቫይቫክስ በአገራችን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ የወባ ዓይነት የሆነበት አንዱ ምክንያት የሕዝባችን ደም ድብልቅ ታሪክ ነው። አንድ ሐኪም በጋምቤላ ቆላ የሚያየውና በኮምቦልቻ የሚያየው ወባ አንድ ዓይነት ላይሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ተሕዋሲውም ሳይሠራ አልተቀመጠም። በ2010 ከማዳጋስካር፣ በ2013 ደግሞ ከራሷ ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም አልፎ አልፎ በቫይቫክስ እንደሚያዙ አሳይተዋል። ሁለቱ ዓይነት ሕዝብ ጎን ለጎን በሚኖርበት አገር ተሕዋሲው ካንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ዘወትር ዕድል ያገኛልና። ስለዚህ የደም መከላከያ እንደ ጥሩ አጥር እንጂ እንደ ብረት ግንብ ሊታሰብ አይገባውም።

ሦስተኛው ምሳሌያችን ከገበያችን ባቄላ ጋር የተያያዘ ነው። በ1956 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፕራይማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ደማቸው በድንገት የሚሟሽሽበትን ምክንያት አገኙ። እነዚህ ሰዎች ጂ ስድስት ፒ ዲ የተባለው፣ ቀዩን የደም ሕዋስ ከጉዳት የሚጠብቅ ኤንዛይም በዘር የሚያንሳቸው ናቸው። በሜድትራንያን አገሮች ባቄላ በልተው የሚታመሙትም ሰዎች እነዚሁ መሆናቸው ታወቀ። የኤንዛይሙ ማነስ ጉዳት ቢሆንም ሕዋሱን ለወባ የማይመች ስለሚያደርገው ወባ በበዛበት አገር ተስፋፍቶ ይገኛል። በአገራችንም በጋምቤላ ቆላ በርከት ይላል፤ በደጋው ግን ጥቂት ነው። የወሎ ደገኛ ሽሮውን፣ ቅቅሉንና አሹቁን ከባቄላ እየሠራ ያለ ሥጋት የሚበላው ይህም ስላገዘው ነው። ፕራይማኩዊን በጉበት የተደበቀውን ቫይቫክስ የሚያጠፋ መድኃኒት ነውና፣ መድኃኒቱን የሚያዝ ሐኪም የሕመምተኛውን የዘር ታሪክ መጠየቁና ደሙን ማስመርመሩ ለዚህ ነው። አያት ቅድመ አያት የኖሩበት አገር ዛሬ በጤና ጣቢያ ለሚሰጥ ክኒን ምክንያት ሲሆን ማየት የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ደገኛው ባዶ እጁን የቀረ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። የደጋው ሰው ደምም የራሱን ታሪክ ይናገራል። አሜሪካዊቷ ሊቅ ቢል በስሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን መርምራ በ2002 ባወጣችው ጥናት፣ በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ሳሉ የደማቸው ሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ መሆኑን ገልጻለች። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን ደማቸው በቀይ ሕዋስ ብዛት ይወፍራል። እንግዲህ ቆለኛው ከወባ ጋር፣ ደገኛውም ከቀጭኑ አየር ጋር ሲታገል እያንዳንዱ ደሙን ለአገሩ አስማምቶታል።

እስከ አሁን ያልነው ሁሉ ሰው በአገሩ ሲኖር ነው። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ወይ ወባ ወደ ሰው ሲወጣ፣ ወይ ሰው ወደ ወባ ሲወርድ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ሁለቱንም አይቷል።

ወባ ወደ ሰው የወጣው በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናሙና ሙቀቱ ከወትሮው በልጦ ትንኟ ከቆላው ወደ ወይና ደጋው ተስፋፋች፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ ወባን እምብዛም የማያውቀው ሕዝብ በወረርሽኝ ተመታ። በኋላ በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 150,000 ያህሉ ሞቱ። መከሩን የሚሰበስብ ጠፍቶ እህል በማሳ ላይ የቀረበት አገር ነበር። መንግሥት በዓለም የጤና ድርጅትና በአሜሪካ እርዳታ የወባ ማጥፊያ ድርጅትን ያቋቋመው ከዚህ መቅሠፍት በኋላ በፈረንጆች 1959 ዓ.ም. ነው። የዲዲቲ ርጭት ሙከራ ቀደም ብሎ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱም የራሳችን የወሎ የቆቦ ሜዳ ነበር።

ሰው ወደ ወባ የወረደው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዘመን ረኃብ በወሎ የማያውቅ ቤት የለም። መንግሥት ረኃብተኛውን ከሰሜን አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ወሰነና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወሰዱ። ከፊሎቹ የሰፈሩበት አገር ደገኛ አያቶቻቸው አንድ ሌሊት እንኳ ሊያድሩበት የማይደፍሩት ቆላ ነበር፤ የጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ፣ ፓዌም 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸውና። በረኃብ የደከመ ሰውነት ይዘው፣ ያላዩትን በሽታ ከነትንኙ አገኙት። ወባ ከሰፋሪዎቹ ዋና ገዳዮች አንዱ ሆነ፤ ብዙዎች ሞቱ፤ ከተረፉትም ሸሽተው በእግራቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ የሞከሩ ነበሩ።

ይህ ለምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሦስቱን ነገር ለያይቶ ማየት አለበት። አንደኛው በዘር የሚወረሰው መከላከያ ነው፤ ደገኛው ሰፋሪ የማጭድ ሕዋስም ሆነ ሌላው የቆላ ውርስ በብዛት አልነበረውም፤ ዳፊውም ለቫይቫክስ በሩን ክፍት አድርጎ ጠበቀው። ሁለተኛው በልምድ የሚገኘው መከላከያ ነው። በቆላ የሚያድግ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደጋግሞ እየታመመ ሰውነቱ በሽታውን መዋጋት ይማራል፤ ይህ ግን በዘር አይወረስም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሕመም የሚገዛው ነው። ሰፋሪው ይህንንም አልነበረውም። ሦስተኛው የሰው ሥራ ነው፤ አጎበር፣ መድኃኒት፣ ሐኪም፣ በቂ ምግብና መጠለያ ቀድሞ ቢዘጋጅ ኖሮ ሁለቱ ጕድለቶች ይህን ያህል ሰው ባልጨረሱ ነበር። ሰፋሪውን የጎዳው ደሙ ብቻ ነው ማለት ጥፋቱን ከችኮላው ላይ አንሥቶ በሟቹ ላይ መጫን ይሆናል። ደገኛው ቆላ ወርዶ የሚደርስበት ነገር ለአባቶቻችን የተሰወረ አልነበረም፤ ከ1950ው ወረርሽኝ በኋላም በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ያወቀ ሰው ማጣት ሳይሆን ያወቀውን ሰው የሚሰማ ማጣት ነበር።

ሌላም መታረም ያለበት አሳብ አለ። ቆለኛው ለወባ የተፈጠረ ነው፣ ወባ አይነካውም የሚል አነጋገር በደጋው አገር ይሰማል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። በዘር የሚገኘው መከላከያ የበሽታውን ክንድ ያላላ ይሆናል እንጂ አይቆርጠውም። በመተከል የጉሙዝ እናት፣ በጋምቤላም የአኙዋክ እናት ልጆቻቸውን በወባ ሲቀብሩ ኖረዋል። በደማቸው ያለው መከላከያ የተገኘውም እልፍ አእላፍ ሕፃናት በትውልድ ሁሉ ስለ ሞቱ ነው። ስለዚህ አንዱ ደም ከሌላው ደም ይበልጣል የሚለው ነገር መሠረት የለውም። ደም የሚመሰክረው አያቶች የት አገር እንደ ኖሩና ከምን በሽታ ጋር እንደ ታገሉ ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ ያለፈ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባላቆየናችሁ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ብዙ የደጋ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ፤ ሌሎችም በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ለመሥራት ወደ አፋር ይሄዳሉ። እነዚህ ሰዎች የ1977 ሰፋሪዎች ይዘውት የወረዱትን ያንኑ ደም ይዘው ይወርዳሉ። ወባም ከአገራችን አልጠፋም፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆች 2024 ዓ.ም. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ከዚህም ሌላ የምድር ሙቀት እየጨመረ ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ተራራማ አገሮች ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል። የሰው ደም የሚለወጠው በሺህ ዓመታት ነው፤ ትንኟ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ልትወጣ ትችላለች። ደማችን እስኪማር ድረስ የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም።

እንግዲህ ደማችን ያላወቀውን እኛ በትምህርት ማወቅ ይገባናል። ወንድሙ ወይም አባቱ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድበት ተማሪ፣ አጎበር ይዞ እንዲሄድ ቢመክረው፣ ተመልሶ ትኩሳት ቢይዘው ብርድ ነው ብሎ ሳይዘገይ በዚያው ቀን ደሙን እንዲያስመረምር ቢያደርገው፣ ቫይቫክስ ተገኝቶበትም መድኃኒት ቢታዘዝለት ተሻለኝ ብሎ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው እንዲወስደው ቢያሳስበው፣ የተማረውን ለቤተ ሰቡ አካፈለ ማለት ነው። ከመካከላችን ሕክምናን ወይም የዘር ሳይንስን የሚያጠና ቢወጣም የወሎን ሕዝብ ደም ታሪክ ገና ከብዙ ምዕራፍ ጋር ተከፍቶ ያገኘዋል። ወላጆቻችን እኛን ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ በደም ሊያወርሱን ያልቻሉትን ጋሻ በመጽሐፍ እንድናገኘው ነውና፣ ትምህርት ቤታችን ለሚቀጥለው ትውልድም ይህን ጋሻ እያደለ ረጅም ዘመን እንዲኖር ከልብ እንመኛለን።